የዳንግላው እንግዳ ተቀባይ፦ የሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ሕይወትና ሥራ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በስተደቡብ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያመራ መንገደኛ ዳንግላን አልፎ እንጅባራ ከመግባቱ በፊት አዲስ ቅዳምን ያገኛል። ስሟ የቅዳሜን ገበያ የሚያሳስበው ይህች ከተማ በቅርብ ዓመታት የምትታወቀው በዲከረንስ ዛፍና ከዚያ በሚወጣው ከሰል ነው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ መንገደኛው ቢበዛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል እንጂ የማደሪያ ጉዳይ አያሳስበውም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚህ በአገው ምድር የሚያልፍ ሰው፣ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ፣ መነኩሴም ሆነ የባዕድ አገር ሊቅ፣ ጧት ጓዙን ሲያስጭን አስቀድሞ የሚያስበው ማታ በማን ደጅ እንደሚወርድ ነበር።

ከ1925 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለብዙዎች የዚህ ጥያቄ መልስ በዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። የቤቱም ጌታ ሻለቃ ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ይባላል። በውሃ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባልደረቦች ስሙን የሚያውቁት ከዐባይ ካርታ ጋር አያይዘው ነው። ከጣና መውጫ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ የወንዙን ጉዞ በተከታታይ ቀይሶ በወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ነውና። ይሁን እንጂ ካርታው የመሣሪያና የድካም ውጤት ብቻ አይደለም። አብዛኛው የተገኘው ከመስተንግዶ ነው፤ አንድም በዳንግላ ቤቱ እንግዳ ሲቀበል፣ አንድም እርሱ ራሱ በሌሎች ደጅ እንግዳ ሆኖ ሲያድር። በዚህ መስተንግዶ ውስጥ ማን ምን እንደ ሰጠና ማን ምን ይዞ እንደ ሄደ መመርመር ለሙያው ሰው ከንቱ ድካም አይሆንም።

ቺዝማን በ1878 በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ተወለደ። የተማረውም በዚያው አውራጃ በነበረው በዋይ የእርሻ ኮሌጅ ነው። መሐንዲስ አልነበረም፤ በቅየሳም ከፍተኛ ትምህርት የቀሰመ ሰው አልነበረም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ልቡን የሳቡት ወፎች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመስጴጦምያ ግንባር ሲያገለግል በሰልፍ መካከል እንኳ አዕዋፍንና ትናንሽ አራዊትን እየሰበሰበ ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ይልክ ነበር። በዐረብ ምድር በረሃ የሚኖር አንድ የአሸዋ አይጥ ዝርያ እስከ ዛሬ በሳይንሱ ዓለም በእርሱ ስም ይጠራል።

ከጦርነቱ በኋላ በባግዳድ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆነ። በ1921 ከዑቀይር እስከ ሰልዋ ያለውን የዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ቀየሰ። በ1923 እና በ1924 ደግሞ የነጅድ ሱልጣን በነበሩት በዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሳዑድ ፈቃድ ወደ ሁፉፍ፣ ከዚያም አውሮፓዊ ረግጦት ወደማያውቀው ወደ ጀብሪን ውኃ ገብ ስፍራ ተጓዘ። ስለዚሁ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1926 ታተመ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በበረሃ አገር የእንግድነት ሕግ ጥብቅ ነው፤ አስተናጋጁ ለእንግዳው ደኅንነት በክብሩ ይያዛል፤ እንግዳውም ከተፈቀደለት መንገድ ዝንፍ አይልም። ቺዝማን የእንግድነትን ሥርዐት የተማረው ከዳንግላ በፊት በሁፉፍ ነበር።

በ1925 ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ተብሎ ሲሾም ወደ ተዘጋጀ መቀመጫ ነው የመጣው። ከእርሱ በፊትም ሌሎች ቆንስሎች በዳንግላ ተቀምጠዋል። ለምን ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ሳይሆን ዳንግላ ተመረጠ የሚል አንባቢ ቢኖር ካርታውን መመልከት ይበቃዋል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ለአውሮፓዊ ተስማሚ ነው፤ ወባ የለበትም ለማለት ይቻላል። በስተምዕራብ ወደ በለስ ሸለቆና ወደ ሱዳን ወሰን፣ በስተሰሜን ወደ ጣና፣ በስተምሥራቅ ወደ ሰከላና ወደ ግሽ ዐባይ ያደርሳል። የቆንስሉ ሥራ በደንብ ሲታይ ሦስት ነበር፦ የወሰን ንግድን መከታተል፣ ከሱዳን የተወሰዱና ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን አቤቱታ መስማት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃውን መጠበቅ።

ስለ ውሃው ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በግንቦት 1902 በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንደማያሠሩ ተዋውለው ነበር። የእንግሊዝ ፍላጎት ጣናን እንደ ማጠራቀሚያ ኩሬ ተጠቅሞ በበጋ ወራት ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ውሃ መልቀቅ ነው። ዱፕዊ የተባለው የመስኖ መሐንዲስ በዚያው ጊዜ ሐይቁን አይቶ ሪፖርት አቀረበ። በ1920 እና በ1921 ደግሞ ጂኦሎጂስቱ ግራብሃምና መሐንዲሱ ብላክ በጣና ላይ ሰፊ ጥናት አደረጉ፤ ሪፖርታቸውም ቺዝማን በተሾመበት ዓመት በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ። በዚሁ ዓመት በታኅሣሥ ወር እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መንገድ ደብዳቤ ተለዋወጡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡት፤ ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ እንደሌላቸው ለመናገር ተገደዱ። እንግዲህ አዲሱ ቆንስል ሥራውን የጀመረው በውሃው ምክንያት መተማመን በጠፋበት ወቅት ነው። እያንዳንዱ ጉዞው፣ እያንዳንዱ የውሃ ከፍታ ንባቡ፣ በአገሩ ሰው ዓይን የሚያጠራጥር ነበር። ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የቆንስላው ግቢ ከአገሩ ቤት እምብዛም የተለየ አልነበረም፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ የሣር ክዳን ቤቶች ነበሩበት። የአዊ ደጋ ዝናብ ከአገራችን ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እንጅባራ አካባቢ በዓመት ከሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። በዚህ ዓይነት አገር የሣር ክዳን ተዳፋቱ ካልቀና፣ ሣሩም በወፍራሙ ካልተነጠፈ ክረምቱን አይሻገርም። የአገሩ ግንበኛ ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል፤ ቀርከሃውን አጣምሮ የሚያቆመው የክዳን ማዕዘን ዛሬ በቢሮ ተሰልቶ ከሚገኘው ብዙም አይርቅም። የመኪና መንገድ አልነበረም። ከመርፌ እስከ መጽሐፍ የሚመጣው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ወይም በሰው ትከሻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጊልጌል ዐባይና ክልቲ ሲሞሉ ጉዞ ይቆማል፤ ቤቱም እንደ ደሴት ይሆናል።

በጋ ሲገባ ግን ደጁ ይጨናነቃል። ወደዚህ ቤት የሚመጡት እንግዶች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ነበሩ፤ የአስተናጋጁም ችግር ከዚህ ይነሣል። በአገሩ ልማድ አንድ ሹም ብቻውን አይጎበኝም። ጠመንጃ የያዙ አጃቢዎች፣ ጋሻ ጃግሬዎች፣ በቅሎ ሳቢዎችና ጸሐፊ ተከትለውት ይመጣሉ። እነዚህን ሁሉ እንደየማዕረጋቸው ማስቀመጥ፣ ለበቅሎዎቹ ገፈራ ማቅረብ፣ ጌታው ሲበላ አሽከሩ የት እንደሚቆም ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንዱን ባላባት ከሌላው ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ለዓመታት የማይረሳ ቂም ያመጣ ነበር።

ወጥ ቤቱም እንዲሁ አንድ ሊሆን አይችልም ነበር። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ሲሆን የበሬ ሥጋ ቢቀርብ ስድብ ይሆናል። ከጣና ገዳማት የሚመጡ መነኮሳት ከጾመኛውም የጠበቀ ሥርዐት አላቸው። ከቆላ የሚወጡት ጉሙዞች፣ ጨውና አሞሌ፣ ቡናና ማር የጫኑ ነጋዴዎች፣ ከሱዳን በኩል የሚመጡ መልእክተኞች፣ አቤቱታ ይዘው ደጅ የሚጠኑ ነጻነታቸውን ፈላጊዎች፣ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ይገናኙ ነበር። በዚህ ላይ አንዳንዴ አውሮፓዊ ተጓዥ ሲደርስ ሹካና ቢላዋ፣ የጠረጴዛ ልብስና የእንግሊዝ ሻይ ሊቀርብለት ይገባል። ኢጣሊያኖች በጎንደር፣ በኋላም በደብረ ማርቆስ የራሳቸው ቆንስላ ቢኖራቸውም በአገው ምድር የአውሮፓ ሰው ቤት የነበረው ይህ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

እንግዳ የሚቀበል ሰው ወሬ አይጎድልበትም። ወንዙ የት ላይ በእግር እንደሚሻገሩት፣ የትኛው መልካ በየትኛው ወር እንደሚዘጋ፣ የትኛው አምባ ላይ ውሃ እንዳለ፣ የትኛው ሹም ከየትኛው ጋር እንደተጣላ፣ ነጋዴውና ቅሬታ አቅራቢው ምንም ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ቺዝማን ይህን ሁሉ በጥሞና ያዳምጥና ይመዘግብ ነበር። ይህ እንደ ስለላ ይቆጠር ወይስ እንደ ጥናት የሚለውን ለመለየት ያስቸግራል። ቆንስል ለመንግሥቱ ሪፖርት ማቅረቡ ደመወዝ የሚከፈልበት ተግባሩ ነው። በሌላ በኩል ስለ ወፎቹና ስለ ገዳማቱ የጻፈው ለየትኛውም ጦር ወይም ኩባንያ የሚጠቅም አልነበረም። ምናልባት እርሱ ራሱም ሁለቱን ለይቶ አላየውም ይሆናል።

በ1927 ካትሪን ዊንች የምትባል የአገሩን ልጅ አገባ።

የቺዝማን ታላቁ ሥራ የዐባይን ሸለቆ መቀየሱ ነው። በዚያ ዘመን ካርታዎች ላይ ወንዙ ከጣና ወጥቶ በጎጃም ዙሪያ ሲጠመዘዝ የሚያሳየው መስመር በብዙ ቦታ በነጠብጣብ የተሞላ ግምት ነበር። ምንጩ ከተጎበኘ ቆይቷል፤ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618፣ ጀምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዐባይ ደርሰዋል። ከምንጩና ከሐይቁ በታች ያለውን ግን የተከታተለ አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሸለቆው በብዙ ስፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ግርጌው ሞቃት፣ ወባ ያለበትና መንገድ የሌለው ነው። በጀልባ እንዳይወርዱ ፏፏቴና ድንጋይ ይከለክላል። በዳር በዳሩ እንዳይሄዱ ገባር ወንዞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገደል ቆፍረዋል።

ቺዝማን የመረጠው ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነበር። ከላይ በሸለቆው ከንፈር ላይ በበቅሎ እየተጓዘ፣ መውረጃ ባገኘበት ሁሉ እስከ ውሃው ድረስ እየወረደና እንደገና እየወጣ የወንዙን አቅጣጫ ይመዘግባል። በዚያ ዘመን የመንገድ ቅየሳ የሚካሄደው በኮምፓስና በሰዓት ነው፤ አቅጣጫው በኮምፓስ ይነበባል፣ ርቀቱ በበቅሎ እርምጃና በሰዓት ይገመታል፤ ከፍታው የውሃ መፍያ ሙቀትን በመለካት ይሰላል። በቅሎ ሽቅብና ቁልቁል አንድ ዓይነት እንደማይራመድ የሚያውቅ ሰው ስሕተቱ ምን ያህል ሊከማች እንደሚችል ይረዳል። ይሁንና ውጤቱ ቀድሞ ከነበሩት ካርታዎች እጅግ የተሻለ ሆነ። የነጠብጣቡ መስመር በብዙ ቦታ ከእውነተኛው አልጋ ርቆ መገኘቱ ታወቀ። የመጀመሪያው ዘገባ በ1928 በለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ወጣ።

በዚህ ጉዞ አስተናጋጁ ራሱ እንግዳ ሆነ። የመንግሥት የይለፍ ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ በአገሩ ሥርዐት ድርጎ ይገባዋል። መንደር ሲደርስ ጭቃ ሹሙ ደብዳቤውን ያያል፤ ከዚያም ከየቤቱ እንጀራ፣ ጠላ፣ በግ፣ እንቁላልና የከብት ገፈራ ተሰብስቦ ወደ ድንኳኑ ይቀርባል። ለመንገደኛው ይህ ደስ የሚያሰኝ የእንግዳ አቀባበል ሆኖ ይታየዋል። የአውሮፓ ተጓዦች መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ ቸርነት ያወሱትን ያህል ድርጎው ከማን ጎተራ እንደወጣ አላወሱም። ሃምሳ ሰውና ሠላሳ በቅሎ ያለው ጓዝ በአንድ መንደር ሁለት ሌሊት ካደረ ለዚያ መንደር የሳምንታት ቀለብ ነው። ቸርነቱ እውነት ነው፤ ግዴታውም እውነት ነው። የዐባይ ካርታ ወጪ በሒሳብ መዝገብ ቢጻፍ የእንግሊዝ መንግሥት ከከፈለው ብር ጎን የጎጃምና የወንበራ ገበሬ እንጀራና ጠላ መስፈር በተገባው ነበር።

በጣና ላይ የነበረው አቀባበል ከዚህ ይለያል። ወይጦዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ እየተጓዘ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ጎበኘ። በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በጣና ቂርቆስ፣ በክብራን ገብርኤልና በሌሎቹም ገዳማት የመነኮሳት እንግዳ ሆነ። ዳጋ የዐፄ ፋሲለደስና ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ነገሥታት አስከሬን የሚጠበቅበት ገዳም ነው። መነኮሳቱ ለእንግዳ የሚያቀርቡት ብዙ አይደለም፤ ዳቦ፣ ማር፣ ዐሣና ጥላ ያለበት ማረፊያ ነው። የሚጠይቁት ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ነበር፤ ሐይቁ ከተገደበ የውሃው ከፍታ ምን ያህል ይጨምራል፣ ቤተ ክርስቲያናቸውስ ይሰጥማል ወይ የሚል። በሐይቁ ዳር ያሉ አድባራት ከውሃው ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያሉ ስለ ነበሩ ስጋታቸው የመሐንዲስ ስጋት ነው፤ በማጠራቀሚያ ኩሬ ሥራ መጀመሪያ የሚታየው የሚዋጠው መሬት ነውና። ቺዝማን የእያንዳንዱን ደሴትና ቤተ ክርስቲያን ሁኔታ በዝርዝር የጻፈው ይህን ጉዳይ እያሰበ ጭምር መሆኑን ለመገመት አያስቸግርም።

በዚህ መካከል ኢትዮጵያ የራሷን እንግዳ ጠራች። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው የኒው ዮርኩን ጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ አነጋገሩ። የአሜሪካ መሐንዲሶች በ1930 እና በ1931 ጣናን ቀየሱ፤ በ1933 የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላም ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ። ይህ እርምጃ በዘመኑ ከተደረጉት ብልህ እርምጃዎች አንዱ ነው። ጥናቱን የሚያካሂደው ባለሙያ የማን እንግዳ ነው የሚለው ጥያቄ የውጤቱን ባለቤትነት ይወስናል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጣናን የለኩት መሐንዲሶች ሁሉ የመጡት ከካይሮና ከካርቱም ነበር፤ መረጃውም ወደዚያው ሄዷል። አሁን ግን ጠሪው የኢትዮጵያ መንግሥት ሆነ። የዳንግላው ቆንስል በገዛ ክልሉ ከአስተናጋጅነት ወደ ተመልካችነት ወረደ። እርሱም ይህን እንደ ሽንፈት ቆጥሮ ከሥራው አልተገታም፤ ወፎቹንና ደሴቶቹን መዝግቦ እስኪጨርስ ቆየ።

በጎጃምም አገሩን የሚያስተዳድረው ሰው ተለወጠ። ለብዙ ዘመን የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1932 ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተይዘው ግዛታቸውን አጡ፤ በምትካቸው ራስ እምሩ ተሾሙ። ከአንዱ ባላባት ጋር ለዓመታት የተገነባ ወዳጅነት በአንድ ቀን ዋጋ ቢስ ሊሆን እንደሚችል ቆንስሉ በዚያ ጊዜ ተረድቶ መሆን አለበት። በ1934 ከዳንግላ ተሰናበተ።

ስለ ጣናና ስለ ዐባይ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ በ1936 ለንደን ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት የጂኦግራፊ ማኅበሩ ከፍተኛ ሜዳሊያ ተሸለመ። የሰበሰባቸውም ወፎች ዝርዝር በአዕዋፍ ሊቃውንት መጽሔት ወጣ። ነገር ግን 1936 ለኢትዮጵያ ምን ዓመት እንደነበረ ይታወቃል። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ የገለጻት አገር በፋሺስት ጦር ተወርራ ነበር፤ የጣና ግድብ ዕቅድም ከወረራው ጋር ቆመ። እንግዳ አድርገው ከተቀበሉት ባላባቶች፣ ነጋዴዎችና ገበሬዎች ብዙዎቹ ጫካ ገቡ።

የዳንግላ ወዳጅነት እውነተኛ ዋጋ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ኢጣሊያ በሰኔ 1940 ጦርነት ስታውጅ እንግሊዞች ስለ ጎጃም አርበኞች የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበር። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈው ቺዝማን ወደ ካርቱም ተጠራ፤ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚመለከተው የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ማን በየትኛው ወረዳ እንደሚታመን፣ ማን ከማን ጋር እንደተቃቃረ፣ ከመተማ እስከ ሰከላ በየትኛው መንገድ በቅሎ እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በቤቱ ያደሩ ሰዎች ወሬ አሁን ለሌላ ሥራ ዋለ።

በነሐሴ 1940 በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሲዮን 101 ወሰን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባና በሰከላ ሰፈረ፤ የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና የደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን አለመግባባትም አስታረቀ። በጥር 1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገቡ። በየካቲት ጌዴዎን የተባለው ጦር ከበላያ ተነሥቶ የመተከልን ዳገት ወጥቶ እንጅባራ ሲደርስ በዳንግላ የነበረው የኢጣሊያ ጦር ወደ ባሕር ዳር አፈገፈገ። በዚህ ድል ላይ የቺዝማንን ድርሻ ማጋነን አይገባም። ዳገቱን የወጡት፣ ምሽጉን ያስጨነቁትና አምስት ዓመት ሙሉ በጫካ የቆዩት አርበኞች ናቸው። የእርሱ አስተዋጽኦ ስማቸውን ማወቁና በትክክለኛው ሰዓት ለሚመለከታቸው መንገሩ ነው። ለውሃ ተብሎ የተሰበሰበ ዕውቀት ለነጻነት መዋሉ ግን ሰብሳቢውም አስቀድሞ ያላሰበው ነገር ነበር።

ቺዝማን በ1942 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን የምሥራቅ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ወደ ኬንት ተመልሶ በእርሻና በአትክልት ኖረ። በየካቲት 1962 በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ በሞተበት ወቅት የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮና የኢትዮጵያ መንግሥት በጋራ የሚያካሂዱት የዐባይ ተፋሰስ ጥናት ሊጠናቀቅ ተቃርቦ ነበር። በ1964 ጥናቱ ሲወጣ በአየር ፎቶግራፍ የተሠሩ ካርታዎች በኮምፓስና በበቅሎ እርምጃ የተሰመረውን መስመር ተኩት። መነኮሳቱ የጠየቁት የሐይቁ ከፍታ ጥያቄ ሙያዊ መልስ ያገኘው ከዚያም ዘግይቶ ነው። በጣና መውጫ በጨረጨራ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ በ1996 ሥራ ሲጀምር ሐይቁ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር ከፍታ መካከል እንዲቆይ ተወሰነ። እንደተባለው ችግሩ የመጣው ከመስጠም ሳይሆን ከመጉደል ነው፤ በ2003 የሐይቁ ከፍታ እጅግ በመውረዱ ጀልባዎች ለመቆም ተቸግረው ነበር። በ2010 ደግሞ ከጣና በምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ 460 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ሆነ።

በበለስ የሠሩት መሐንዲሶች ያደሩት በፕሮጀክቱ ካምፕ ነው። ካምፑ የራሱ ጄኔሬተር፣ የራሱ ወጥ ቤትና የራሱ አጥር ነበረው። ከመንደሩ ድርጎ የጠየቀ አልነበረም፤ ስለ መልካውና ስለ ጎርፉ የአገሩን ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያዳመጠም ብዙ አልነበረም።